የነከሰ የመኪና እግር ቡሎን፦ በዘይት፣ በጉልበት፣ በእሳት ወይስ በመቁረጥ?

የመኪናው እግር መገጣጠሚያ ውስጥ የሚገባው የጎማ ቡሽ ተገዝቷል፣ መኪናው ተነስቷል፣ ጎማው ወልቋል። የቀረው ሁለት ቡሎን መፍታት ነው። ቁልፉን ስትጭኑት ግን ቡሎኑ ንቅንቅ አይልም። ያን ጊዜ አላፊ አግዳሚው ሁሉ መካኒክ ይሆናል። አንዱ «ናፍታ አፍስሱበት» ይላል፣ ሌላው «ቱቦ ቀጥሉና ተንጠልጠሉበት»፣ ሦስተኛው «በያጅ ጥሩ»፣ አራተኛው «ቁረጡትና ተገላገሉ»። አራቱም ልክ ናቸው፤ ልክ የሆኑት ግን ለአራት የተለያዩ ቡሎኖች ነው። ገንዘብ፣ ጊዜ፣ አንዳንዴም ጣት የሚጠፋው የአንዱን መድኃኒት ለሌላው ስንሰጥ ስለሆነ መንገዶቹን ጎን ለጎን አስቀምጬ አወዳድራለሁ።

እኛ ጋ ለምን ይነክሳል?

ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። ክረምት ላይ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ይተኛል፤ ጭቃው ብራቾ (ጎማውን ከመኪናው አካል ጋር የሚያያይዘው ክንድ) እና ባሌስትራ (ድርብርቡ የብረት ሞላ) ላይ ተጋግሮ ለሳምንታት እርጥበት ይዞ ይቆያል። ወደ 25 ኪሎ ሜትር ዝቅ ብላ ያለችው ኮምቦልቻ ሞቅ ያለች ናት፤ የኮምቦልቻ መኪና ግን በባቲ አድርጎ ወደ ሚሌና ወደ አፋር ቆላ ይወርዳል፣ ጨዋማ አቧራም ይዞ ይመለሳል። አውሮፓ አገልግሎ የመጣ መኪና ደግሞ በረዶ ለማቅለጥ አስፋልት ላይ የሚበተነውን ጨው አገራችን ሳይገባ ጠጥቶታል። ስለዚህ ከሥር ያልታየ መኪና ስትገዙ የእግሩ ቡሎን ሁሉ ዝጎ እንደሚጠብቃችሁ አስቡ።

ዝገት ከበላው ብረት እጥፍና ከዚያ በላይ ቦታ ይይዛል። በቡሎኑና በዙሪያው ባለው ብረት መካከል የነበረችውን ቀጭን ክፍተት ሞልቶ ያብጥና ሁለቱን አንድ ያደርጋቸዋል። ይህን መያዝ ጥሩ ነው፤ ከዚህ በታች ያሉት መንገዶች ሁሉ አንድም ዝገቱን የሚያረጥቡ፣ አንድም የሚሰብሩ፣ አንድም ትተውት የሚያልፉ ናቸው።

መጀመሪያ የት እንደነከሰ ለዩ

ይህ ክፍል ከሁሉም ይበልጣል ብዬ አምናለሁ። የእግር ቡሎን በሦስት ቦታ ይነክሳል።

አንደኛው ጥርሱ (የቡሎኑ ጠመዝማዛ) ላይ ነው፦ ጥርሱ ላይ የሚታሰረው ዳዶና ቡሎኑ ተጣብቀዋል። ሁለተኛው ቡሽ ውስጥ ነው። የብራቾ ቡሽ ጎማ ብቻ አይደለም፤ መሃሉ ላይ የብረት ቱቦ አለው፣ ቡሎኑ የሚያልፈው በዚያ ቱቦ ውስጥ ነው። ዳዶው በቀላሉ ይወጣል፣ ቡሎኑ ግን ከቱቦው ጋር አንድ ሆኖ ይቀራል። ሦስተኛው ሻሲ (የመኪናው ዋና የብረት አካል) ውስጥ የተበየደ ዳዶ ላይ ነው፤ ዳዶው አይታይም፣ ቁልፍም አይገባበትም።

እንዴት ይለያል? የቡሎኑ ራስ ላይ በጠመኔ አንድ መስመር አስምሩና ቀስ ብላችሁ ለማዞር ሞክሩ። ጨርሶ ካልተነቃነቀ የነከሰው ጥርሱ ነው። ዳዶው ወልቆ ራሱ ትንሽ ዞር ይልና እጃችሁን ስታላሉ መስመሩ ወደነበረበት ከተመለሰ፣ የዞረው ቡሎን ሳይሆን የተጠመዘዘው የቡሹ ጎማ ነው፤ ቱቦው ውስጥ ዝጓል ማለት ነው። ይህቺ የጠመኔ መስመር የአንድ ደቂቃ ሥራ ናት፣ ግን ሙሉ ቀን ታተርፋለች።

እዚያው ራሱ ላይ የተጻፈውን ቁጥርም አንብቡ። 8.8 ወይም 10.9 የሚለው የቡሎኑ ጥንካሬ ነው። ቢሰበር የምትተኩት በዚያው ቁጥር፣ በዚያው ውፍረትና ርዝመት ነው። የበርና የጣሪያ ሥራ ቡሎን ከግንባታ ዕቃ ሱቅ ገዝቶ የመኪና እግር ላይ ማሰር የሰው ሕይወት ላይ መቀለድ ነው። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሐረጎን ቁልቁለት ስትወርዱ የመኪናውን ክብደት የሚይዘው እሱ ነው።

በምን ላወዳድራቸው?

ዘይቱ የማን ፋብሪካ ነው፣ መፍቻው የማን ምርት ነው የሚለውን ትቼዋለሁ። የማያቸው አምስት ነገሮች ናቸው፦ ከሦስቱ መንከሶች የትኛውን ይፈታል፤ ከሥራው በኋላ ቡሎኑ፣ የቡሹ ጎማና ጥርሱ ይተርፋሉ ወይ፤ ለሠራተኛው ምን አደጋ አለው፤ የሚሰበረው ዕቃ ሲጨመር ጠቅላላ ወጪው ስንት ይሆናል፤ ጊዜና መብራት ይፈልጋል ወይ።

የትኛውንም ብትመርጡ የማይቀር ነገር አለ። ደሴ ውስጥ ደልዳላ ግቢ ማግኘት ከባድ ነው። ተዳፋት ላይ በክሪክ የተነሳ መኪና ቡሎን ሲጎተት ይንሸራተታል። ሜዳ ቦታ ፈልጉ፤ ዘመድ ኮምቦልቻ ካለ እዚያ ወርዶ መሥራት ያዋጣል። መሬት ላይ በቀሩት ጎማዎች ፊትና ኋላ ድንጋይ አስደግፉ፣ መኪናውን በክሪክ አንስታችሁ በብረት ማቆሚያ ላይ አሳርፉ። ክሪክ ማንሻ እንጂ ማቆሚያ አይደለም። ብሎኬትም ማቆሚያ አይሆንም፤ ድንገት ይፈረካከሳል። የአሞርትዛተሩን (የመኪናውን ንጥረት የሚያረጋጋውን ዕቃ) አናት መሃል ላይ ያለውን ዳዶ ደግሞ ሞላው በመጭመቂያ ሳይታሰር አትንኩት፤ ታፍኖ የቆየ ሞላ ሲለቀቅ ሰው ይገድላል።

ዘይትና ትዕግሥት

ጥርሱ ለነከሰ ቡሎን መጀመሪያ የምመርጠው ይህን ነው። ርካሽ ነው፣ መብራት አይፈልግም፣ ምንም አይሰብርም። ዋጋው ጊዜ ነው።

የዘይቱ ዓይነት ለውጥ ያመጣል። ለዝገት ተብሎ የተሠራ ሰርሳሪ ዘይት ይበልጣል። ሁላችንም የምናውቀው ደብልዩ ዲ 40 መጀመሪያ የተቀመመው ውሃ ለማባረር ነው፤ ስሙም ይህንኑ ነው የሚለው። ቀላል ዝገት ላይ ይረዳል፣ የከረመውን ግን ብዙ ጊዜ አይደፍረውም። የአውቶማቲክ ካምቢዮ (ማርሽ) ዘይትና አሴቶን እኩል በእኩል ተቀላቅሎ ጥሩ ይሠራል፣ ርካሽም ነው፤ ግን ስለሚለያይ በየጊዜው መበጥበጥ አለበት፣ በቶሎም እሳት ይይዛል፣ ቀለምና ጎማም ይበላል። ናፍታና ላምባ ቀጭን ስለሆኑ ይገባሉ፣ ከምንም ይሻላሉ። የተቃጠለ የሞተር ዘይት ወፍራም ነው፣ ስንጥቅ ውስጥ አይገባም። የፍሬን ዘይት የመኪናውን ቀለም ያነሳል፣ ተዉት።

አጠቃቀሙ እንዲህ ነው። የወጣውን ጥርስ በሽቦ ቡሩሽ አጽዱ፤ ዘይት ጭቃ አያልፍም። ጠዋትና ማታ አርከፍክፉ፣ በእያንዳንዱ ጊዜ የቡሎኑን ራስ በመዶሻ ቀስ አድርጋችሁ ደጋግማችሁ ምቱ። ሦስት ቀን ስጡት። ዳዶው ገና ስላልላላ መኪናውን መንዳት ትችላላችሁ፤ የኮብልስቶኑ መንቀጥቀጥ ዘይቱን ወደ ውስጥ ይስበዋል። ቅዳሜ ለምትሠሩት ሥራ ረቡዕ ማርከፍከፍ ጀምሩ። ዘይቱ የፍሬን ሸራና ዲስክ እንዳይነካ ብቻ ተጠንቀቁ።

ቡሽ ውስጥ ለዛገ ቡሎን ግን በዘይት ብዙ ተስፋ አታድርጉ። መግቢያው በሁለቱ ጫፍ ብቻ ነው፣ መንገዱ ደግሞ ረጅም።

ረጅም እጀታና ቱቦ

ሠላሳ ሳንቲ ሜትር እጀታ ላይ አንድ ሜትር ቱቦ ስትቀጥሉ ጉልበታችሁ ከሦስት እጥፍ በላይ ይሆናል። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው አንድ ሜትር ላይ ቢንጠለጠል ወደ 690 ኒውተን ሜትር (የመጠምዘዣ ኃይል መለኪያ) ያሳርፋል። ባለ 12 ሚሊ 8.8 ቡሎን ሲታሰር የሚያስፈልገው ከ80 እስከ 90 ነው። ከሰባት እጥፍ በላይ ማለት ነው፤ ቡሎኑ ሳይፈታ ሊበጠስ ይችላል።

እንግዲህ ቱቦ መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም። ባለ ስድስት ማዕዘን ቡሶላ (የቡሎኑን ራስ ዙሪያውን የሚያቅፍ ቁልፍ) ተጠቀሙ፤ ባለ አሥራ ሁለቱ ጫፍ ጫፉን ብቻ ስለሚይዝ ራሱን ይልጠዋል። መጀመሪያ ትንሽ ወደ ማጥበቂያው አዙሩት፤ ዝገቱ በዚያ በኩል ይሰነጠቃል፣ ከዚያ ወደ መፍቻው። እንደ ጎማ የሚመስል ልስላሴ ከተሰማችሁ ቡሎኑ እየተጠመዘዘ ነውና ቁሙ። «ቅር» የሚል ደረቅ ድምፅ ከሰማችሁ ደስ ይበላችሁ፤ ዝገቱ ለቀቀ። ከዚያ ሩብ ዙር ወደፊት፣ ትንሽ ወደኋላ፣ ዘይት፣ እንደገና። አንዴ ተነቃነቀ ብሎ በጥድፊያ መዠርገግ የጥርሱን ዝገት ይሰበስብና መልሶ ያስነክሳል።

ሻሲ ውስጥ የተበየደ ዳዶ ላይ ግን ቱቦ አትቀጥሉ። የዳዶው ብየዳ ከተነቀለ ቡሎኑና ዳዶው አብረው ይሽከረከራሉ፤ ከዚያ ሻሲውን መስኮት ከፍቶ መሥራት ነው፣ ያም ከቡሹ ዋጋ ብዙ እጥፍ ያስወጣል።

የአየር ወይም የባትሪ መፍቻ

እየመታ የሚፈታ መሣሪያ ለነከሰ ጥርስ ከቱቦ ይሻላል፤ በአጭር በአጭሩ ሲመታ ቡሎኑ ሳይጠመዘዝ ዝገቱ ይሰበራል። ቡሽ ውስጥ ለዛገው ግን አይረዳም፤ ምቱን ጎማው ይውጠዋል። ለዓመት አንድ ሥራ መግዛት አይመከርም፤ ጎሚስታ ቤት አለ። እዚያ ሄዳችሁ በዘይት የከረሙትን ቡሎኖች አስላልታችሁ፣ መልሳችሁ በደንብ አስጠብቃችሁ ቤት ገብታችሁ በእጅ መሥራት ትችላላችሁ። ላልቶ የተተወ እግር ይዞ መንዳት ፈጽሞ አይሞከርም። ኮምቦልቻ መውጫ ላይ ያሉት የከባድ መኪና ጎሚስታዎች መፍቻ ለቤት መኪና ቡሎን ከመጠን በላይ ኃይለኛ ነው፤ አነስተኛውን እንዲጠቀሙ ጠይቁ።

እሳት

ብዙ ሰው መጨረሻ ላይ የሚደርስበት፣ ብዙ ጉዳትም የሚደርስበት እዚህ ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ብረት ሲሞቅ ያብጣል። ባለ 14 ሚሊ ዳዶ በ300 ዲግሪ ቢሞቅ ቀዳዳው የሚሊ ሜትር ሃያኛ ክፍል ያህል ይሰፋል። ከፀጉር የማይወፍር ነገር ነው፤ ዝገቱን ለመስበር ግን ይበቃል። እንዲህ የሚሆነው ግን ዳዶው ሞቆ ቡሎኑ ቀዝቃዛ ሲሆን ነው። ሁለቱ አብረው ከሞቁ አብረው ያብጣሉ፣ ምንም አልተገኘም። ኮምቦልቻ ያሉ አንድ አዛውንት በያጅ እሳቱን ቡሎኑ ራስ ላይ ይዤ ሲያዩኝ እጄን ይዘው ወደ ዳዶው ዞር አደረጉትና «ልጄ፣ የሚከፈተው በሩ እንጂ ሰውየው አይደለም» አሉኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ እሳቱን የምይዘው ዳዶው ላይ ነው።

የኦክሲጅንና የአሲታሊን እሳት ከ3,000 ዲግሪ በላይ ነው፣ በሰከንዶች ውስጥ ዳዶውን ያቀላል፣ ነበልባሉም ቀጭን ስለሆነ አንድ ቦታ ላይ ማሳረፍ ይቻላል። የጋዝ ሲሊንደር ችቦ ዝግ ያለ ነው፣ ነበልባሉም ሰፊ፤ ዳዶው እስኪግል ብራቾውም አብሮ ይሞቃል። ከሞቀ በኋላ ሻማ ብታስነኩት ሰሙ ቀልጦ ወደ ጥርሱ ውስጥ ይሳባል። በጣም ሲቀላ ሰሙ ይነድዳል፤ ቅላቱ ጠፍቶ ትንሽ ሲበርድ አስነኩት። ይህን በዓይኔ ያየሁት የባሌስትራ ቡሎን ላይ ነው፤ ሰሙ ዳዶው ዙሪያ ለአፍታ አብለጨለጨና ጠፋ፣ በሁለተኛው ሙከራ ቁልፉ ዞረ።

አደጋውን ከራሴ ልንገራችሁ። የኮሮላዬ የኋላ ረጅሙ ቡሎን ዳዶው ወጥቶ ቡሎኑ እምቢ አለ። የጠመኔውን ነገር ያኔ አላውቅም ነበር፣ በችቦ ማሞቅ ጀመርኩ። የጠበቅሁት ቡሎኑ እንዲላላ ነበር፤ የሆነው ቡሹ መንደድ ነው። ጥቁር ጢሱ ከሥር ሲወጣ ነበልባሉና የፍሬን ጎማ ቱቦው መካከል አንድ ስንዝር አይሆንም ነበር። ልጄ የአሸዋውን ባልዲ ስላቀበለኝ ተረፍን። ቡሎኑ ግን ያው ነው፣ አልተነቃነቀም።

ስለዚህ፦ ጎማ ቡሽ ሊቀየር ካልሆነ አጠገቡ እሳት አይያዝም። አሞርትዛተር በግፊት የታመቀ ጋዝ ሊኖረው ስለሚችል አይሞቅም። የፍሬን ቱቦ፣ የነዳጅ መስመርና ታንክ በአቅራቢያው ካሉ ይህን መንገድ ተዉት። ክሎሪን ያለበት የፍሬን ማጽጃ የነካው ብረት ሲሞቅ መርዛማ ጋዝ ያወጣል፤ ከማሞቅ በፊት በሳሙናና በውሃ ታጥቦ ይድረቅ። ባለ ዚንክ ቡሎን ሲግል የሚወጣውን ነጭ ጢስ አትማጉት። በአሴቶን የረጠበ ቡሎን አጠገብ ክብሪት አይጫርም። ባልዲ አሸዋ ከጎን ይሁን። የጋለ ቡሎንና ዳዶ ጥንካሬው ስለሚጠፋ ይጣላል።

ብየዳ

ራሱ ተልጦ ቁልፍ የማይዝ ቡሎን ላይ አዲስ ዳዶ መበየድ ሁለት ጥቅም አለው፤ መያዣ ይሰጣል፣ በዚያው ያሞቃል። በያጁ የለመደ ይሁን፣ የባትሪው ነጌቲቭ ይነቀል፣ የብየዳው መሬትም ከቡሎኑ አጠገብ ይታሰር።

መቁረጥ

ቡሽ ውስጥ ለዛገ ቡሎን መጨረሻው ብዙ ጊዜ ይህ ነው። ከራሴ የተማርኩት ቶሎ መወሰን ነው። ቡሹን ልቀይር ነው የመጣሁት፤ የማይተርፍን ዕቃ ለማዳን ሁለት ቀን ማጥፋት ለምን?

የሚቆረጠው በሁለት ቦታ ነው፣ በቡሹ ቱቦና በያዘው ብረት መካከል፣ ግራና ቀኝ። ክፍተቷ ጠባብ ናት፤ አንድ ሚሊ ቀጭን ዲስክ ያለው ግራይንደር ይገባል። የማይገባበት ቦታ የሰጌቶ (የብረት መጋዝ) ስለት ብቻውን ጫፉ በጨርቅ ተጠቅልሎ በእጅ ይሠራል፤ መብራት ሲጠፋም ሥራ አይቆምም። 10.9 ቡሎን ግን ሰጌቶን ያደክማል፣ ሁለት ሦስት ስለት አዘጋጁ። ዲስኩ የሻሲውን ጆሮ (ቡሹን ግራና ቀኝ የያዘውን ብረት) እንዳይነካ ተጠንቀቁ፤ ቡሎን ይገዛል፣ ሻሲ አይገዛም። የዓይን መከላከያ ግዴታ ነው፣ ፍንጣሪውም ወደ ነዳጅ ታንክ አይሂድ። አዲሱን ቡሎን፣ ዳዶና ቡሽ እጃችሁ ሳታስገቡ ግን አትቁረጡ። እሁድ ከሰዓት ሱቅ ተዘግቶ፣ መኪናው በሦስት እግሩ ቆሞ ማደር አለ።

ጎን ለጎን ሲታዩ

| መንገድ | የሚበጀው | የሚጎዳው | ወጪ | ጊዜ | አደጋ |
|---|---|---|---|---|---|
| ዘይትና መዶሻ | ጥርስ፣ የተበየደ ዳዶ | ምንም | በጣም ትንሽ | 1–3 ቀን | ዝቅተኛ |
| ረጅም እጀታና ቱቦ | ጥርስ | ቡሎን ሊበጠስ፣ ራሱ ሊላጥ | ትንሽ | ደቂቃዎች | መካከለኛ |
| መቺ መፍቻ | ጥርስ | አንዳንዴ ቡሎን | ጎሚስታ ቤት ትንሽ፣ ለመግዛት ብዙ | ደቂቃዎች | ዝቅተኛ |
| እሳት | ጥርስ፣ የተበየደ ዳዶ | ቡሎንና ዳዶ፣ ቅርብ ያለ ጎማ | መካከለኛ | ግማሽ ሰዓት ገደማ | ከፍተኛ |
| ዳዶ መበየድ | ራሱ የተላጠ | ቡሎን | መካከለኛ | በያጁ እስኪገኝ | ከፍተኛ |
| መቁረጥ | ቡሽ ውስጥ የዛገ | ቡሎን፣ ቡሽ | የአዲስ ቡሎንና ቡሽ ዋጋ | 1–2 ሰዓት | ከፍተኛ |

ለማን የትኛው?

ገንዘብ አጥሮ ጊዜ ያለው ሰው ከዘይት ይጀምር፣ ሳምንት ቢፈጅም። መኪናው የዕለት እንጀራው የሆነ፣ ሰኞ ጠዋት ተራ መያዝ ያለበት ሾፌር ደግሞ በመጠበቅ አይክሰር፤ ረቡዕ ዘይት፣ ዓርብ ጎሚስታ፣ ቅዳሜ ካልሆነ መቁረጥ፣ መለዋወጫው ግን ከረቡዕ ጀምሮ እጁ ላይ ይሁን። ጋራዡ ሩቅ የሆነበት የገጠር ፒካፕ ባለቤት አንድ ሜትር ቱቦ፣ ባለ ስድስት ማዕዘን ቡሶላ፣ ሰጌቶና አንድ ጣሳ ዘይት ይበቃዋል።

ሻሲ ውስጥ የተበየደ ዳዶ የገጠመው ሰው ሦስት ቀን ዘይት ሰጥቶ በልኩ እጀታ ይሞክር፤ እምቢ ካለ የኦክሲጅን እሳት ያለው ባለሙያ ጋ ይሂድ። ይህ ሥራ የግቢ አይደለም። የመጀመሪያ ጊዜው የሆነ ሰውም እሳትና ብየዳ ለብቻው አይሞክር፤ ዘይቱን ራሱ ያርከፍክፍ፣ ሌላውን የሚያውቅ ሰው አጠገቡ ቆሞ ይሥራ።

ሲገጠም

የእግሩን አቀማመጥ የሚያስተካክል ሞላላ ራስ ያለው ቡሎን ከሆነ ከመፈታቱ በፊት ቦታውን በቀለም ምልክት አድርጉ፤ በኋላም አላይመንት ይታይ። ቡሎኑ ቱቦ ውስጥ የሚያልፈውን ለስላሳ ክፍል ግራሶ ቀቡት፤ ጥርሱን ግን ተዉት፣ የተቀባ ጥርስ በዚያው ጉልበት ከሚገባው በላይ ይጠብቃል። ቡሽ ያለበትን ቡሎን በእጅ ብቻ አስገብታችሁ፣ መጨረሻውን የምታጠብቁት መኪናው ወርዶ በጎማው ከቆመ በኋላ ነው። እግሩ ተንጠልጥሎ ሳለ ከተጠበቀ የቡሹ ጎማ ተጠማዝዞ ይታሰርና በአጭር ጊዜ ይቀደዳል። ኮምቦልቻ ደርሳችሁ ስትመለሱ ቁልፉን ይዛችሁ ሁሉንም አንድ ጊዜ ፈትሹ፤ የጠመኔ መስመር በዳዶውና በብረቱ ላይ አስምራችሁ ከነበረ የላላው በዓይን ይታያል።